ያው የጨው ውሃ፣ ሦስት ዓይነት ንግግር፦ ከደረት ቀዶ ሕክምና በኋላ የታየ የፕላሴቦ ውጤት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በሰሜን ጣሊያን በቱሪን ከተማ፣ ደረታቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች ለሦስት ተከታታይ ቀናት አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ እንዲያገኙ ተደረገ። በሁሉም የደም ሥር ይገባ የነበረውም አንድ ዓይነት የጨው ውሃ ነው። የተለያየው ስለዚህ ውሃ የተነገራቸው ነገር ብቻ ነበር። ሦስቱ ቀናት ሲያበቁ፣ ውሃው ኃይለኛ ማስታገሻ እንደሆነ የተነገራቸው ታካሚዎች ምንም ካልተነገራቸው በአንድ ሦስተኛ ያነሰ እውነተኛ መድኃኒት ወስደው ተገኙ። ሕመማቸው ግን ከሌሎቹ አልበለጠም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ፕላሴቦ ማለት ለሕመሙ የሚሠራ ንጥረ ነገር ሳይኖረው እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ነገር ነው። ስለ እርሱ ሲወራ ሁለት አቋሞች ቶሎ ይሰማሉ። አንዱ «ውሃ ተወግቶ የተሻለው ሰው ድሮም አላመመውም» ይላል። ሌላው «ሰው ካመነ በማንኛውም ነገር ይድናል» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ሁለቱም ታካሚን ይጎዳሉ። የቱሪኑ ጉዳይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚያፈርስ ነው በአማርኛ ተመዝግቦ እንዲገኝ የፈለግሁት። በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ታካሚዎችና ባለሙያዎች በስም አልጠራም።

ዳራ፦ ደረት ሲከፈት

ወደ ሳንባ ለመድረስ ቀዶ ሐኪሙ ጎድን አጥንቶችን በመሣሪያ ፈልቅቆ ያራርቃል። ቆዳና ጡንቻ ይቆረጣል፤ በጎድን አጥንቶቹ ሥር የሚያልፉት ነርቮች ይወጠራሉ ወይም ይጨፈለቃሉ። እግሩ የተሰበረ ሰው ሳይንቀሳቀስ ተኝቶ ሕመሙን ሊያባብል ይችላል። ደረቱ የተከፈተ ሰው ግን መተንፈሱን ማቆም አይችልም፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ቁስሉን ይጎትተዋል። ማሳል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ይህ ቀዶ ሕክምና እጅግ ከሚያሳምሙት መካከል የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በስቃይ ብቻ አያበቃም። ታካሚው ሕመሙን ፈርቶ ትንፋሹን ያሳጥራል፣ ሳሉን ያፍናል። አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባው ክፍል አየር አጥቶ ይኮማተራል፣ ከዚያም የሳንባ ምች ይከተላል። ስለዚህ ሕመሙን ማስታገሥ ለታካሚው ምቾት ተብሎ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ራሱ የሕክምናው አካል ነው። ችግሩ ማስታገሻው ሲበዛ ያንኑ ትንፋሽ ማዳከሙ ነው። በቱሪን የተሰጠው ቡፕረኖርፊን እንደ ሞርፊን ከኦፒዮይድ ወገን የሆነ መድኃኒት ሲሆን፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታና የትንፋሽ መቀነስ ከታወቁት ጎጂ ውጤቶቹ መካከል ናቸው። ባነሰ መድኃኒት ያንኑ ያህል እፎይታ ማግኘት ከተቻለ ትርፉ በቀጥታ ለታካሚው ነው።

ችግሩ

ሕመም በቁስል መጠን ብቻ እንደማይለካ ከቱሪን በፊት ይታወቅ ነበር። አሜሪካዊው የሰመመን ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ማስታገሻ እንደማይፈልጉ ነግረውታል። ለእነዚያ ወታደሮች ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት የመውጣት ምልክት ነበር ሲል ነው ሐኪሙ ነገሩን ያብራራው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 የ15 ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ፣ ከታካሚዎች 35 በመቶ ያህሉ በፕላሴቦ እፎይታ እንደሚያገኙ ጻፈ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ቁጥሩ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት። አጣዳፊ ሕመም በባሕርይው በራሱ ጊዜ እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው። ዛሬ የተሰፋ ቁስል ነገ ከዛሬው ያነሰ ያማል፤ የጥርስ ሕመም ይነሣል፣ ይበርዳል። ታካሚው መድኃኒት የሚጠይቀው ደግሞ ሕመሙ በጠናበት ሰዓት በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሳይደረግለትም የመቅለል ዕድሉ ሰፊ ነው። ውሃ ተሰጥቶት የተሻለውን ሰው ሁሉ «በፕላሴቦ ተሻለው» ብሎ መቁጠር፣ ጊዜ የሠራውን ሥራ ለውሃው መስጠት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ምንም ተስፋ ያልተሰጠው የንጽጽር ቡድን መኖር አለበት።

እዚህ ላይ ሁለተኛው እንቅፋት ይመጣል። ትናንት ደረቱ የተከፈተን ሰው ለማነጻጸሪያ ብሎ ያለማስታገሻ ማስተኛት ጭካኔ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ማንም ታካሚ እውነተኛ መድኃኒት ሳይከለከል፣ የንግግርን ድርሻ ከጊዜና ከመድኃኒቱ ድርሻ ለይቶ መለካት ይቻላል?

የተወሰዱ እርምጃዎች

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ያስደንቀኛል። ሁሉም ታካሚዎች ቡፕረኖርፊን በጠየቁ ጊዜ እንዲሰጣቸው ተደረገ። ከዚህ ጋር በሁሉም የደም ሥር ቀኑን ሙሉ ተራ የጨው ውሃ ይገባ ነበር። ታካሚዎቹ በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ለመጀመሪያው ቡድን ውሃው ሕመም ያስታግሣል አያስታግሥም የሚል ነገር ፈጽሞ አልተነሣም። ለሁለተኛው ቡድን ውሃው ኃይለኛ ማስታገሻ ወይም ፕላሴቦ ሊሆን እንደሚችል፣ ማለትም የመድኃኒት ሙከራ ላይ የሚሳተፍ ሰው እንደሚነገረው ዓይነት፣ ተነገራቸው። ለሦስተኛው ቡድን ኃይለኛ ማስታገሻ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተነገራቸው።

መለኪያው ለሦስት ቀናት ታካሚዎቹ ጠይቀው የወሰዱት የቡፕረኖርፊን መጠን ነበር። ይህን ምርጫ አጥብቄ የምወደው ለእኛ ሰው ጠባይ በጣም ስለሚስማማ ነው። በአገራችን ክፍሎች ሐኪም ከነተማሪዎቹ አልጋው አጠገብ ቆሞ «እንዴት ነዎት?» ሲል፣ እየቃተተ ያደረ ሰው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። አክብሮት ነው፣ ይሉኝታም ነው። ሌሊት ነርስ አስጠርቶ መድኃኒት መጠየቅ ግን ይሉኝታን አሸንፎ የሚመጣ ተግባር ነው። ስለ ሕመም ከሚሰጥ መልስ ይልቅ ሰውየው ያደረገው ነገር የተሻለ ይመሰክራል።

ምን ተገኘ

በሦስቱ ቀናት ምንም ያልተነገረው ቡድን 11.55 ሚሊግራም ቡፕረኖርፊን ወሰደ። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» የተባለው ቡድን 9.15 ሚሊግራም ወሰደ፤ ይህም በ20.8 በመቶ ያነሰ ነው። «ኃይለኛ ማስታገሻ ነው» የተባለው ቡድን 7.65 ሚሊግራም ወሰደ፤ ይህም በ33.8 በመቶ ያነሰ ነው። የሕመም እፎይታቸው ግን በሦስቱም ቡድን እኩል ነበር።

ሁሉም የተሰጣቸው መድኃኒት አንድ፣ ውሃውም አንድ፣ ቀዶ ሕክምናውም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በቡድኖቹ መካከል የታየው ልዩነት ከንግግሩ በቀር የሚጠጋበት ቦታ የለውም። ጊዜ የሚያመጣው መሻልም ለሁሉም እኩል ነው። የሁለተኛው ቡድን ውጤት ደግሞ ችላ ሊባል አይገባም። በግማሽ እርግጠኝነት የተነገረ ተስፋ ከሙሉው ከግማሽ በላይ ሠርቷል፤ የእርግጠኝነቱ መጠን ከፍ ሲል ውጤቱም ከፍ ብሏል። እንዲህ በደረጃ የሚጨምር ነገር በአጋጣሚ ወይም በአንዳንድ ሰዎች የዋህነት ብቻ ለማብራራት አስቸጋሪ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ይህ ለውጥ «በአእምሮ ብቻ» የሚሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራ ጥናት የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎችን ተከታተለ። ፕላሴቦ ተሰጥቷቸው ሕመማቸው ለቀለላቸው ሰዎች ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመልሶ ከፍ አለ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ውሃው ውስጥ ሞርፊን ስላልነበረ፣ የታገደው ሰውነታቸው ራሱ ያመነጨው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር መሆኑ ተገመተ፤ በኋላ የመጡ የአንጎል ምስል ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጀርመን ጥናት፣ እፎይታ የጠበቀ ሰው የሕመም መልእክት ገና አከርካሪ ውስጥ ባለው ኅብለ ሰረሰር ላይ እያለ እንደሚዳከም አሳይቷል።

ሁሉም መንገድ ግን የሞርፊን መንገድ አይደለም። ቀደም ሲል ኬቶሮላክን በመሰለ፣ ከኦፒዮይድ ወገን ባልሆነ ማስታገሻ የዳነ ሰው ላይ የሚታየውን የፕላሴቦ ውጤት ናሎክሶን አያግደውም። ሰውነት ባለፈው የጠቀመውን መድኃኒት መንገድ ያስታውሳል ማለት ነው። በተቃራኒውም፣ መጀመሪያ የተሰጠው ሕክምና ሳይሠራለት የቀረ ሰው በቀጣዩ ላይ የሚኖረው ምላሽ ደካማ እንደሚሆን በሙከራ ታይቷል።

ያልሠራው

መጀመሪያ ሊሰመርበት የሚገባው፣ ውሃው መድኃኒቱን አለመተካቱ ነው። በእርግጠኝነት የተነገረው ቡድን እንኳ የመድኃኒቱን ሁለት ሦስተኛ ፈልጓል። ያለ ቡፕረኖርፊን በውሃ ብቻ እነዚህን ሰዎች ማቆየት ይቻል ነበር የሚል ነገር ከዚህ ጉዳይ አይወጣም። ቁስሉን ውሃው አላደረቀውም፤ ኢንፌክሽንም አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በዚያው 2001 ታትሞ የወጣ፣ 114 ጥናቶችን የመዘነ የዴንማርክ ግምገማም፣ ፕላሴቦ በአጠቃላይ በሽታን ስለመፈወሱ እምብዛም ማስረጃ አላገኘም። ጥቂት ጥቅም የታየው ታካሚው ራሱ በሚናገራቸው ስሜቶች፣ በተለይ በሕመም ላይ ነው። «ሰው ካመነ ይድናል» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይህ ነው፤ ያመነ ሰው ሕመሙ ሊቀልለው ይችላል፣ ዕጢው ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው ችግር ለሦስተኛው ቡድን ውሸት መነገሩ ነው። የታካሚዎቹን ደኅንነት የጠበቀው እውነተኛው መድኃኒት ከእጃቸው አለመራቁ ነበር። በጥናት ውስጥ እንኳ ብዙ የሚያከራክረው ነገር በተራ የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ቦታ የለውም። ውሃ ተሰጥቶት «ኃይለኛ መርፌ ነው» የተባለ ታካሚ እውነቱን ያወቀ ቀን፣ የሚቀጥለውን እውነተኛ መርፌ ጉልበትም አብሮ ያጣል። ጎረቤቱም፣ አስታማሚውም ይሰማል። ያ ክፍል ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ይጠረጠራል።

እንግዲህ ውጤቱ የሚገኘው በውሸት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። መልካም ዜናው እንዲህ አለመሆኑ ነው። በዚያችው በቱሪን፣ በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሰዎች ቡፕረኖርፊን፣ ትራማዶል፣ ኬቶሮላክና ሜታሚዞል በሁለት መንገድ ተሰጡ። ለአንዳንዶቹ ሐኪሙ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ማስታገሻ መሆኑን ተናግሮ ሰጠ። ለሌሎቹ ያው መድኃኒት ታካሚው ሳያውቅ፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ መሣሪያ በኩል ገባ። በስውር የገባው መድኃኒት ያነሰ ሠራ፤ ሕመሙን ለማብረድም ተጨማሪ መጠን አስፈለገ። እዚህ ውሃ የለም፣ ውሸትም የለም። መድኃኒቱ እውነተኛ ነው፣ የተነገረውም እውነት ነው። ሦስተኛው ቡድን በውሸት ያገኘውን ጥቅም እውነተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእውነት ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። ለእኔ የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወሰደው

ትራማዶል በአገራችን ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እንዴት እንደሚሰጥ ግን እናስብ። ነርሷ ሠላሳና አርባ ታካሚ ይዛ ትገባለች። ሕዝቡ በጅምላ «ግሉኮስ» ብሎ በሚጠራው ከረጢት መስመር በኩል መድኃኒቱን ገፍታ፣ ካርዱ ላይ ፈርማ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ታካሚው የተሰጠው ማስታገሻ ይሁን ፀረ ተሕዋስ አያውቅም። ይህ በቱሪን «በስውር የተሰጠ» ከተባለው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ፣ እዚያ የተደረገው ለጥናት ታስቦ መሆኑ፣ እዚህ ደግሞ በሥራ ብዛት መሆኑ ነው። ነርሷን አልወቅስም፤ የሚጎድለው ግን ብር የማያስወጣ፣ ከግማሽ ደቂቃ የማይበልጥ ነገር ነው። «እማማ፣ አሁን በዚህ መስመር የሕመም ማስታገሻ እየሰጠሁዎት ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እየቀለለዎት ይሄዳል። ካልቀለለዎት ያስጠሩኝ፣ የምንጨምረው አለ።» የመጨረሻዋ ሐረግ እውነት መሆን አለባት፤ የሚጨመር ነገር ከሌለ አትባልም።

የምንናገረው ነገር በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጀርባቸው ላይ የማደንዘዣ መርፌ የሚወጉ ወላድ ሴቶችን በሁለት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን መርፌው ቦታውን እንደሚያደነዝዝና እንደሚመቻቸው ተነገራቸው። ለሌላው «ትልቅ የንብ ንድፊያ ይሰማሻል፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው» ተባሉ። ከአሥር በሚሰጥ የሕመም ነጥብ የመጀመሪያዎቹ መካከለኛ ነጥብ 3፣ የሁለተኞቹ 5 ሆነ። መርፌው ያው መርፌ ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ፣ ሬሚፈንታኒል የተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ እየገባላቸው ላሉ ጤነኛ ፈቃደኞች መድኃኒቱ መጀመሩ ሲነገራቸው ውጤቱ በእጥፍ ጨመረ። መቋረጡ ሲነገራቸው ግን፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ውጤቱ ጠፋ። ስለዚህ «በጣም ያማል፣ ቻል» ብሎ መርፌ መውጋት፣ ወይም በታካሚው ጆሮ ሥር «መድኃኒቱ አልቋል» ብሎ መጮህ፣ ራሱ ሕመም ይጨምራል። ማስታገሻ መቀነስ ሲያስፈልግም አስቀድሞ በምን እንደሚተካ መንገር ይገባል።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ስለ ውሃ መርፌ ነው። ሕመሙ የተጠረጠረበትን ታካሚ የተጣራ ውሃ ወግቶ «ከተሻለው አስመስሏል ማለት ነው» የሚል ልማድ በተለያዩ አገሮች የኖረ ነው፣ በእኛም ዘንድ ሲነገር ይሰማል። የቱሪን ታካሚዎች ለዚህ ልማድ የማያዳግም መልስ ናቸው። ጎድን አጥንታቸው በመሣሪያ የተራራቀው በራሳቸው ሐኪሞች እጅ ነው፤ ሕመማቸውን የሚጠራጠር ሰው ሊኖር አይችልም። ሆኖም ስለ ውሃው የተነገራቸው ቃል የመድኃኒት ፍላጎታቸውን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰው። ውሃ እውነተኛ ሕመምን ሊያቀል ከቻለ፣ በውሃ መቅለሉ የሕመሙን ሐሰተኛነት በምንም መንገድ አያሳይም።

አደጋውም የቀረበ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት ሰው፣ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻም የማይበርድ ሕመም ሲሰማው፣ በእግሩ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ደም ለጡንቻው እየተከለከለ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት ያ ሕመም ነው። ውሃ ተወግቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለና ካርዱ ላይ «አስመሳይ» ተብሎ ከተጻፈበት፣ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት፣ እግሩም ሊቆረጥ ይችላል። ተረኛው ማድረግ ያለበት ጀሶውን መክፈትና ቀዶ ሐኪም መጥራት ነው።

በመጨረሻ፣ ንግግሩን መስማት የማይችሉ ታካሚዎች አሉ። የቱሪን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አጥንተው፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው ግንኙነት የተዳከመባቸው ሰዎች በግልጽ ከሚሰጥ ማስታገሻ የሚያገኙት ተጨማሪ ጥቅም እንደሚጠፋ አሳይተዋል። መድኃኒቱ ብቻውን ስለሚሠራ ያነሰ ይሠራላቸዋል። ጨቅላ ሕፃናት፣ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎችና የነርሷን ቋንቋ የማይሰሙ ታካሚዎች ከዚህ ብዙ የራቁ አይመስሉኝም። አዲስ አበባ ለሕክምና መጥታ አማርኛ የማትሰማ እናት፣ ወይም ዋሽንግተን ሆስፒታል ተኝተው እንግሊዝኛ የማይሰሙ አዛውንት፣ የሚገባላቸው መድኃኒት ምን እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው ካልተነገራቸው ድርሻቸው ይቀርባቸዋል። አስተርጓሚ ለስምምነት ፊርማ ብቻ ሳይሆን ማስታገሻ በሚሰጥበት ሰዓትም ሊጠራ ይገባል። ቃል ሊደርሳቸው ለማይችሉት ደግሞ ሕመማቸውን ከፊታቸውና ከእንቅስቃሴያቸው ቶሎ ቶሎ እያዩ መለካት፣ ያልበረደ ሲሆንም ለሐኪሙ ነግሮ መጠኑ እንዲስተካከል ማድረግ ያስፈልጋል።